የሴራሚክ ግሪል ሲገዛ፦ ልኩ ለፋሲካ ወይስ ለቅዳሜ?

ሜሪላንድም ሆነ ጆርጂያ፣ ጓሮ ያለው ቤት ለመግዛት የበቃ ሐበሻ ውሎ አድሮ ዓይኑ ግሪል ላይ ማረፉ አይቀርም። የጋዙን ሞክሮ «ሥጋው የከሰል ቃና የለውም» ያለው ደግሞ አንድ ቀን የእንቁላል ቅርጽ ካለው፣ ግድግዳው ወፍራም ሴራሚክ ከሆነውና ክዳኑ ግጥም ብሎ ከሚዘጋው ምድጃ ፊት ይቆማል። ካማዶ ይባላል። ዋጋው ቀላል አይደለም፤ የታወቁት ማርኮች በመካከለኛ መጠናቸው እንኳ ሺህ ዶላር ይሻገራሉ። ገዢውን ከዋጋው በላይ የሚያስጨንቀው ግን ልኩ ነው። አንዴ ጓሮ ገብቶ ከተተከለ በኋላ ጠበበኝ ወይም ሰፋኝ ብሎ መመለስ ዘበት ነው፤ ክብደቱ ራሱ አይፈቅድም።

ዕቃው የተነሣው ከሩዝ ነው። ጃፓኖች ሩዝ የሚያበስሉበት፣ ጉልላት የመሰለ ክዳን ያለው ክብ የሸክላ ምድጃ ነበራቸው፤ ሙሺካማዶ ይሉታል። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ጃፓን የሰፈሩት የአሜሪካ ወታደሮች ወደዱትና ወደ አገራቸው ሲመለሱ ይዘውት ሄዱ፤ ሩዙን ትተው ሥጋ ይጠብሱበት ጀመር። ኤድ ፊሸር የተባለ ሰው እ.ኤ.አ. በ1974 አትላንታ ውስጥ ሱቅ ከፍቶ ፓቺንኮ የሚባሉትን የጃፓን መጫወቻ ማሽኖችና እነዚህን ምድጃዎች ጎን ለጎን ይሸጥ ነበር። ቢግ ግሪን ኤግ የተባለው ኩባንያ የወጣው ከዚያ ሱቅ ነው። የቀድሞዎቹ ተራ ሸክላ ስለነበሩ በሙቀት ብዛት ይሰነጠቁ ነበር፤ የዛሬዎቹ የሚሠሩት ከፍተኛ ሙቀት ከሚችል ሴራሚክ ነው። ተፎካካሪው ካማዶ ጆ እ.ኤ.አ. በ2009 እዚያው ጆርጂያ ተመሠረተ። ሞላላውን የሚያመርተው ፕሪሞም የጆርጂያ ነው። አትላንታና ዙሪያዋ ያላችሁ እንግዲህ ዕድለኞች ናችሁ፤ ሱቅ ገብቶ ክዳኑን በእጅ ከፍቶ ማየት ፎቶ አይቶ ከማዘዝ በብዙ ይሻላል።

ሸክላና ከሰል ተጋብተው ማየት ለእኛ ብርቅ አይደለም። ውጪው ቆርቆሮ ውስጡ ሸክላ የሆነው የላቀች ምድጃ ከኬንያው ጂኮ ተወስዶና ተሻሽሎ አዲስ አበባ የገባው እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ መጀመሪያ ነው። ሸክላው ሙቀት ስለሚይዝ ከድሮው የቆርቆሮ ምድጃ ያነሰ ከሰል ይበላል። የካማዶ ሥራም መነሻው ይኸው ነው። የጨመረው ነገር ክዳን ነው፤ ልዩነቱን ሁሉ ያመጣውም ክዳኑ ነው።

ከምድጃው እግር ሥር የምትንሸራተት የአየር በር አለች፤ ከክዳኑ አናት ደግሞ እየጠበበች የምትሰፋ መተንፈሻ። እሳቱ የሚታዘዘው ለሁለቱ ብቻ ነው። ማራገቢያ ፈልጎ የሚነሣ የለመደ እጅ እዚህ ሥራ ፈት ይሆናል። ሁለቱ በሮች ወለል ብለው ሲከፈቱ ሙቀቱ ከ350 ዲግሪ ሴልሺየስ ሊያልፍ ይችላል። በጣት ስፋት ብቻ ገርበብ ሲሉ ደግሞ 110 ዲግሪ አካባቢ ረግቶ አንድ ጊዜ በተሞላ ከሰል ከ12 ሰዓት በላይ ያድራል። ምግቡ ሲወጣ ሁለቱንም ድፍን አድርጎ መዝጋት ነው፤ እሳቱ አየር አጥቶ ይሞታል፣ የተረፈው ከሰል ለሌላ ቀን ይቆያል። አንድ ማስጠንቀቂያ ግን አለ፦ ታፍኖ የቆየ እሳት ክዳኑ በአንዴ ከተበረገደ አየር አግኝቶ ቦግ ይላል፣ ቅንድብ ይልሳል። መጀመሪያ ሁለት ጣት ያህል ከፈት አድርጎ ማስተንፈስ፣ ከዚያ ቀስ ብሎ ማንሣት ያስፈልጋል።

ይህ ሁሉ ከልኩ ጋር ምን አገናኘው? ሸክላው ወፍራም ስለሆነ እሳቱ ከምግቡ በፊት የሚያሞቀው ራሱን ሸክላውን ነው። ምድጃው በተለቀ ቁጥር የሚሞቀው ሸክላ ይበዛል፣ የሚሞላው ከሰል ይጨምራል፣ መጠበቁም ይረዝማል። ሙቀቱ አንዴ ካለፈ ደግሞ ቶሎ አይወርድም፤ በ120 ዲግሪ ልጥበስ ብሎ ተዘናግቶ 200 ያስገባ ሰው ለመመለስ ሰዓቱን ያቃጥላል። ስለዚህ «ትልቅ ከሆነ ትንሹንም ይሠራልኛል» የሚለው ስሌት ድስት ላይ ቢሠራ እንጂ እዚህ እንደልብ አይሠራም። ለሁለት ሰው ጎድን ተብሎ ትልቁ ሲቀጣጠል፣ የሚቃጠለው ከሰል አብዛኛውን የሚያሞቀው ባዶውን ፍርግርግ ነው።

አሁን ወደ ስሞቹ እንምጣ፤ ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነውና። በቢግ ግሪን ኤግ አጠራር ሚኒ ያለው የፍርግርጉ ስፋት 25 ሳንቲሜትር ነው። ሚኒማክስና ስሞል ሁለቱም 33 ናቸው፤ የሚለያዩት በቁመት ነው። ሚዲየም 38፣ ላርጅ 46፣ ኤክስ ላርጅ 61፣ ከሁሉ የሚበልጠው ደግሞ 74 ነው። ካማዶ ጆ ጁኒየር የሚለው 34 ገደማ፣ ክላሲኩ 46፣ ቢግ ጆ 61። እንግዲህ «ላርጅ» የሚለውን አይቶ «ለእኛ ቤት ምን ያደርጋል» ብሎ የሚያልፍ ሰው ያለፈው መካከለኛውን ነው። ማርኩ የፈለገውን ይበል፣ የሚጠየቀው ጥያቄ አንድ ነው፦ የፍርግርጉ ስፋት ስንት ነው?

ስፋቱ ደግሞ ዓይን ያታልላል። ከ46 እስከ 61 ያለው ልዩነት 15 ሳንቲሜትር ነው፤ ከእጅ መዳፍ ብዙም አይበልጥም። ክብ ነገር ግን የሚያድገው በወርዱ ብቻ ሳይሆን በዙሪያው ሁሉ ነው። የ46ቱ ፍርግርግ 1,690 ካሬ ሳንቲሜትር ያህል የመጥበሻ ቦታ ሲኖረው የ61ዱ 2,920 ይጠጋል፤ በሦስት ሩብ ገደማ ይበልጣል ማለት ነው። የ38ቱ 1,140 ነው፤ ከእሱ ወደ 46 ሲታለፍ ቦታው አንድ ተኩል እጥፍ ይሆናል። ዋጋ ስታወዳድሩ ይህንን ይዛችሁ አወዳድሩ።

ፋብሪካዎቹ ስንት ሰው እንደሚያበላ የሚናገሩት በበርገር ነው። የ46ቱ 12 በርገር ወይም ወደ 9 ኪሎ የሚመዝን ቱርክ ይይዛል ይላሉ። ውሸት አይደለም፤ ግን በርገሮቹ ትከሻ ለትከሻ ተደርድረው፣ መቆንጠጫ የሚገባበት ቦታ ሳይቀር ነው። ደግሞም ቤታችን አንድ ሰው አንድ በርገር በልቶ እጁን ታጥቦ የሚነሣበት ቤት አይደለም። እኔ የፋብሪካውን ቁጥር ሁለት ሦስተኛ አድርጌ ነው የማነበው። የ46ቱ ሁለት ዶሮ በምቾት ይጠብሳል፤ አምስት ስድስት ሰው ጠግቦ ይነሣል። የ33ቱ አንድ ዶሮ፣ ሁለት ሰው፣ ምናልባት አንድ ልጅ። የ61ዱ አሥር አሥራ ሁለት ሰው በአንድ ዙር ያበላል።

የእኛ ሰው ትልቁን የሚመኘው ድግሱን እያሰበ ነው፤ የምከራከረውም እዚህ ላይ ነው። ፋሲካ ሃምሳ ሰው ይመጣል፣ ክርስትና አለ፣ ምርቃት አለ። እውነት ነው። ግን በእነዚያ ቀናት ሰው የሚበላው ምንድን ነው? ዶሮ ወጥ፣ ቀይ ወጥ፣ አልጫ፣ አይብ፣ ክትፎ። እነዚህ ሁሉ ከምድጃና ከድስት የሚወጡ ናቸው። ከግሪል የሚጠበቀው ጥብሱ ነው፤ ጥብስ ደግሞ በባሕሪው በየዙሩ ትኩስ ትኩሱን የሚቀርብ ነው። አንድ ዙር ሲበላ ሌላው ይጠበሳል፤ ቡናው እስኪፈላ ሦስተኛው ይደርሳል። ማንም «ሁሉም ካልተጠበሰ አልበላም» አይልም። በዓመት ሁለት ሦስት ጊዜ ለሚመጣ ጭንቅ ተብሎ በየቅዳሜው ባዶ ፍርግርግ ማሞቅ ትርፉ ከሰል ማክሰር ነው። በዚያ ላይ ጿሚ ቤት ከሆነ ከዓመቱ ከግማሽ ያላነሰው ሥጋ የሌለበት ነው። በነዚያ ቀናት ግሪሉ ላይ የሚወጣው በቆሎ፣ ቃሪያ፣ ድንች፣ ደበርጃን ነው። ዓሣውን ለየንስሐ አባታችሁ ትቼዋለሁ።

ስለዚህ የምትለኩት የተለመደውን ቅዳሜ ነው፦ ልጆች፣ ባልና ሚስት፣ ሳይጠሩ ብቅ የሚሉ አንድ ሁለት እንግዶች። ለዚህ 46ቱ ይበቃል፤ ብጠየቅ ለአብዛኛው ቤት የምመክረው እሱን ነው። ሌላ ጥቅምም አለው። አብዛኛው ተጨማሪ ዕቃ፣ ማለትም የፒዛ ድንጋዩ፣ ሁለተኛ ፎቅ የሚሆነው ፍርግርግ፣ ግማሽ ጨረቃ የሚመስለው ብረት፣ በገበያ በብዛት የሚገኘው በ46 ልክ ነው። ሁለተኛ ፎቅ የተጨመረበት 46 ደግሞ ከታች ጎድን ከላይ ዶሮ እያለ የበዓሉንም ግማሽ ይሸከማል። ብቻውን ወይም ሁለት ሆኖ የሚኖር፣ ወይም ግሪሉን ጭኖ ፓርክ መሄድ የሚወድ ሰው 33ቱን ይግዛ። የሰንበት ማኅበር በየወሩ ቤቱ የሚሰበሰብበት፣ ወይም ሥጋ ሻጭ ዘመድ ኖሮት ሙሉ ፍርምባ እያመጣ የሚያድር 61ዱን ቢገዛ አልፈርድበትም። ሙሉ በግ የሚያልም ግን ይተወው። 74ቱ ላይም እግሩ ታጥፎ ካልሆነ አይተኛም፤ በአራት ቆርጦ በሁለት ዙር መጥበስ ያዋጣል።

ስለ ፍርምባ ካነሣን፣ ረጅም ሰዓት የሚጠበስ ሥጋ ላይ የልክ ነገር ይጠብቃል። እንዲህ ያለው ሥጋ በቀጥታ ፍም ላይ አይቀመጥም። በመካከል ሙቀት የሚጋርድ የሴራሚክ ሳህን ይገባል፣ እሳቱ በሳህኑ ዙሪያ እየሾለከ ወደ ክዳኑ ይወጣል። ዳር ዳሩ እንግዲህ ሁልጊዜ ከመሃሉ ይበልጥ ይግላል። ከጋራጁ ሳህን ጠርዝ የወጣ ሥጋ ሌላው ሳይበስል እሱ ይከስላል። በ33ቱ ላይ ከጠርዝ ነፃ የሚሆነው ቦታ በጣም ትንሽ ነው። የ46ቱ ላይ ከአራት አምስት ኪሎ የማይበልጥ ቁራጭ ወይም አንድ የበግ ጭን በምቾት ይተኛል፤ ሙሉው ፍርምባ ግን መጀመሪያ ጎበጥ ብሎ መግባት አለበት፣ ሲጠበስ እየተኮማተረ ይስተካከላል።

የሚዘነጋው ሌላው ነገር እጀታ ነው። ጥብስ በብረት መጥበሻ የምትሠሩ ከሆነ የምትለኩት የመጥበሻውን አፍ ሳይሆን ከጠርዙ እስከ እጀታው ጫፍ ነው። አፉ 30 ሳንቲሜትር የሆነ መጥበሻ ከእነ እጀታው 45 ይሻገራል፤ ክዳኑ ካልተዘጋ ደግሞ ካማዶው ተራ የከሰል ምድጃ ሆነ ማለት ነው። አጭር ሁለት ጆሮ ያለው መጥበሻ ይህን ጭንቀት ያስቀራል። ቁመቱንም አትርሱ። ዶሮ ቁጭ ብላ የምትጠበስ ከሆነ፣ ድስት ከእነ ክዳኑ የሚገባ ከሆነ፣ ከፍርግርጉ እስከ ጉልላቱ ያለውን በሜትር ለኩ። ወርዱን ሁሉም ሻጭ ይነግራችኋል፣ ቁመቱን ካልጠየቃችሁት የሚነግራችሁ ጥቂት ነው።

ካማዶ ለእኛ ወጥ ቤት ከሥጋ ይልቅ የሚመቸው ለድፎ ዳቦ ነው ብዬ አምናለሁ። ድፎ ከታች በምጣዱ፣ ከላይ በክዳኑ ላይ በተደረደረው ፍም መካከል የሚበስል ዳቦ ነው፤ የቤት ኦቭን የሚያጎድለው ያንን የላዩን እሳት ነው። የካማዶ ጉልላት ሙቀቱን ጠጥቶ ከላይ መልሶ ስለሚያወርደው ፊቱ ሳይነካ ይነፋል፣ ቡናማ ቅርፊት ያወጣል። አሠራሩ ይህ ነው፦ ከሰሉ ተቀጣጥሎ ጋራጁ ሳህን ገብቶ ምድጃው 180 ዲግሪ አካባቢ ይረጋል። መጀመሪያ የሚወጣው ወፍራም ነጭ ጭስ ዳቦውን ያመርረዋልና ቀጥኖ ወደ ሰማያዊ እስኪያደላ ይጠበቃል። ሊጡ ትሪው ላይ ከታችም ከላይም በኮባ ይሸፈናል፤ ኮባ በሌለበት አገር የእስያ ሱቅ የሙዝ ቅጠል ቦታውን ይይዛል። ትሪው በቀጥታ ሳህኑ ላይ ከተቀመጠ ታቹ ያርራል፤ በፍርግርጉ ከፍ ብሎ ሥሩ አየር ሊያልፍበት ይገባል። አንድ ሰዓት ገደማ ሲሆነው ቅጠሉ ደርቆ ይንኮሻኮሻል፣ ጠርዙ ከትሪው ይላቀቃል፣ ስንጥር ተወግቶ ሲወጣ ሊጥ አይዝም።

የትሪው ስፋት ታዲያ እንደፈለገ አይደለም። ትሪው ፍርግርጉን ጥርቅም አድርጎ ከሸፈነው አየሩ መውጫ ያጣል፣ እሳቱም ይደክማል። በዙሪያው ቢያንስ ሁለት ሦስት ሳንቲሜትር ክፍት መቅረት አለበት። ስለዚህ ለ46ቱ ትልቁ ትሪ 40 ነው፤ ደህና ድፎ ነው፣ አንድ ቤት ሙሉ ሰው ቁርስ ያበላል። የ33ቱ ላይ የሚወጣው ግን ልጆች የሚሻሙበት ቂጣ የሚያህል ነው።

እንጀራስ ለሚለኝ፣ ይቅርባችሁ እላለሁ። ዲያስፖራው የሚጋግርበት የተለመደው 16 ኢንች የኤሌክትሪክ ምጣድ 40 ሳንቲሜትር ነው፤ በዚያ ልክ ያለ ምጣድ 46ቱ ላይ ሊቀመጥ ይችላል። ችግሩ እንጀራ በየደቂቃው ክዳን የሚነሣለትና የሚወርድለት መሆኑ ነው። ክዳኑ በተከፈተ ቁጥር እሳቱ አየር እየሳበ ይነሣል፤ አሥረኛው እንጀራ ላይ ስትደርሱ ምጣዱ ያለመጠን ግሎ ዓይን አልወጣ ይላል። ኤሌክትሪኩ እያለ ምን አስጨነቃችሁ?

ክብ ባይሆንስ? የፕሪሞ ሞላላ ጥቅሙ ከሰሉን ወደ አንድ ጎን አከማችቶ ሌላውን ጎን ባዶ ማድረግ ማስቻሉ ነው፤ አዋዜ የተቀባ ዝልዝል ፍሙ ላይ እየተለበለበ ዶሮው በዝግታ ጎኑ ይበስላል። በክቡም ይሞከራል፣ ግን በ33 ላይ ሁለት ሰፈር መክፈል አይቻልም። ድርብ ብረት ለብሰው የሚሠሩ ካማዶዎችም አሉ፤ ይቀላሉ፣ ይረክሳሉ፣ ቢወድቁም አይሰበሩም። ሙቀት መያዝ ላይ ሸክላውን አያህሉም፤ ለጀማሪ ግን አልንቃቸውም።

የቢግ ግሪን ኤግ ክብደት ሲታይ 33ቱ ሚኒማክስ 35 ኪሎ ያህል ነው፣ ላርጁ 73፣ ኤክስ ላርጁ አንድ ኩንታል ሊሞላ አንድ ኪሎ የቀረው፣ ከሁሉ የሚበልጠው 170 ኪሎ። ይህ ሁሉ ባዶውን ነው። የእንጨት በረንዳ ላይ የምታስቀምጡ ከሆነ ወለሉ መሸከሙን አረጋግጡ፤ የእንጨት ጠረጴዛ ውስጥ ከገባም ሥሩ የድንጋይ ሰሌዳና የአየር ክፍተት ይፈልጋል። አፓርታማ የምትኖሩ ግን ከመግዛታችሁ በፊት ውላችሁን አንብቡ። በብዙ የአሜሪካ ግዛቶች የሚሠራበት የእሳት ደንብ ከአንድና ሁለት ቤተሰብ ቤቶች በቀር በሚቀጣጠል በረንዳ ላይ፣ ወይም ከሚቀጣጠል ግድግዳ በ10 ጫማ ውስጥ፣ ከሰል ማንደድን ይከለክላል። ጋራጅ ውስጥማ በሩ ቢከፈትም አይሞከርም። ሽታም ቀለምም የሌለው የከሰል መርዝ ስንቱን ቤት እንዳጠፋ ከአገር ቤት የመጣ ሰው አይነገረውም።

ለከሰሉ የሚሆነው በእንጨቱ ቅርጽ የቀረው ጥርብ ከሰል ነው፤ እኛ ከማዳበሪያ ስናወጣው ያደግነው ዓይነት። ተፈጭቶ የተጠፈጠፈው ብዙ አመድ ስለሚጥል የታችኛውን አየር ይዘጋል። የማቀጣጠያ ፈሳሽ አይነካውም፤ ሴራሚኩ ሽታውን ይመጠዋል፣ በሳምንቱም ዶሮው ላይ ይመልሰዋል።

ያገለገለ መግዛት ከአዲሱ በግማሽ ዋጋ ትልቁን ለማግኘት ጥሩ መንገድ ነው። የዕድሜ ልክ ዋስትና የሚባለው ግን በአብዛኛው ለመጀመሪያው ገዢ ብቻ ስለሆነ ከእናንተ ጋር አይመጣም። የውስጡ የከሰል ሣጥን ተሰንጥቆ ብታገኙት አትደንግጡ፤ የተለመደ ነው፣ ተሰንጥቆም ይሠራል፣ ተለይቶም ይገዛል። የክዳኑ ወይም የእናት ገላው ስንጥቅ ከሆነ ግን ዋጋው ቢረክስም ተዉት። በክዳኑና በገላው መካከል ያለው ማሸጊያ ተቃጥሎ ካለቀ በርካሽ ይለወጣል፤ ለመደራደሪያ ይጠቅማችኋል። ስትጭኑት ፍርግርጉን፣ ሳህኑን፣ የከሰል ሣጥኑን አንድ በአንድ አውጥታችሁ በብርድ ልብስ ጠቅልሉ፤ ክብደቱ በብዙ ይቀንሳል። ክዳኑን ለመፍታት ካሰባችሁ መጀመሪያ ማጠፊያው ላይ ያለውን ምንጭ እዩ። የክዳኑን ክብደት ለመሸከም ተወጥሮ የቆመ ስለሆነ ክዳኑ ከላዩ ሲነሣ በኃይል ተፈናጥሮ እጅ ይመታል፤ ሳይታሰር ብሎን አይፈታም።